ሐሰን ፈትሒ፦ በጭቃ በረሃን ያቀዘቀዘው ግብፃዊ

በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ፀሐይ ከጠለቀች ከሁለት ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ሰጥሕ ላይ ባለ ክፍል የምታድር ሰው ግድግዳውን በእጇ ብትነካው ገና ይፋጃል። ውጭ ትንሽ ነፋስ ይነሣል፤ ውስጥ ግን ምጣድ አጠገብ የተቀመጡ ይመስላል። ሙከይፉ ከተበላሸ ደግሞ ፍራሽ ይዞ ከመውጣት ሌላ መላ የለም። እዚህ ጥቂት ዓመት የኖርን ሁሉ ይህን የአገሩ ፀባይ አድርገን ለምደነዋል። በረሃ ነው፣ ይሞቃል፣ አለቀ።

ነገሩ ግን ያን ያህል ያለቀ አይደለም። በ1964 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካይሮ በሚገኝ የግንባታ ምርምር ማዕከል ትናንሽ የሙከራ ቤቶች ተሠሩ። የአንዱ ግድግዳና ጣሪያ 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ ነው። የሌላው ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ተዘጋጅቶ የመጣ ኮንክሪት። በመጋቢት ወር የሁለቱም የውስጥ ሙቀት ሙሉ ቀንና ሌሊት ተለካ። የጭቃው ቤት ከ21 እስከ 23 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ አልወጣም፣ አልወረደም። የኮንክሪቱ ቤት 36 ዲግሪ ደረሰ። ከጭቃው በ13፣ ከውጭው አየር እንኳ በ9 ዲግሪ በለጠ። ማለትም ቤቱ ውስጥ ከመቀመጥ ደጅ መቀመጥ ይሻል ነበር።

ይህን ውጤት በመጽሐፉ ጽፎ ለዓለም ያሳወቀው ሰው ሐሰን ፈትሒ ይባላል። በአረብ አገሮች የሥነ ሕንፃ ትምህርት ውስጥ ስሙ የማይነሣበት ቦታ የለም። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ አረብኛ ስማር ነው፤ ስለ ቤት የተጻፈ ጽሑፍ ተርጉሙ ተብለን ተሰጠን፤ ከቃላቱ ይልቅ ሰውየው አእምሮዬ ውስጥ ቀረ።

ፈትሒ የተወለደው ማርች 23 ቀን 1900 እስክንድርያ ውስጥ፣ ከሀብታም ባለ ርስት ቤተሰብ ነው። አባቱ ብዙ እርሻ ነበራቸው፤ ገጠርን ግን አጥብቀው ይጠሉ ነበር። ለእሳቸው ገጠር ማለት ዝንብ፣ ትንኝና የተበከለ ውኃ ስለነበር ልጆቻቸውን ወደዚያ ይዘው አይሄዱም። እናቱ በተቃራኒው ልጅነታቸውን ያሳለፉት ገጠር ስለነበር እስኪሞቱ ድረስ ይናፍቁት ነበር፤ ስለ በጎቹ፣ ስለ እርግቦቹ፣ ከቤት ስለሚገኘው ምግብ ያወሩለታል። ልጁ ሐሰን ገጠርን የሚያየው በባቡር መስኮት ብቻ ነበር። በአባቱ ፍርሃትና በእናቱ ናፍቆት መካከል አደገና የእናቱ አሸነፈ።

ስለዚህ ግብርና ለመማር አመለከተ። የመግቢያ ፈተናው ላይ ስለ በቆሎ ሲጠየቅ ግን መልሱን አላወቀም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ያንን ጥያቄ በሕፃንነታችን እንመልሰው ነበር! እሱ ወደቀና ወደ ሥነ ሕንፃ ዞረ። በ1926 ተመረቀ።

ከዚያ በሃያ ሰባት ዓመቱ ግድም ከቤተሰቡ እርሻዎች አንዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሄዶ አየ። የእናቱ ገነት እዚያ አልነበረም። ገበሬዎቹ የሚኖሩት ጎንበስ ብለው በሚገቡበት፣ ጨለማና ቆሻሻ በሞላበት ጎጆ ነበር። ባለ ርስቶቹ ደግሞ የእሱው ወላጆች ናቸው። ያ ቀን ሕይወቱን ሙሉ አልለቀቀውም። ጥያቄው አንድ ነበር፤ እጁ ላይ ገንዘብ የሌለው ሰው እንዴት ሰው የሚኖርበት ቤት ሊኖረው ይችላል?

መልሱን ያገኘው ገበሬው እግር ሥር ነው። ጭቃ። ሲሚንቶና ፌሮ የሚገዛ ገንዘብ ለሌለው ሰው ጭቃ በነፃ ነው፤ ግንቡንም ራሱ ያውቅበታል። ፈትሒ በ1930 ካይሮ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ፤ በ1937 ደግሞ በጭቃ ጡብ የሚሠሩ ውብ የገጠር ቤቶችን ሥሎ ለሕዝብ አሳየ። ሰው ወደደለት። ሆኖም ሥዕሎቹ አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር፤ ጣሪያ።

እኛ አገር የጭቃ ቤት ሲባል መጀመሪያ የሚቆመው እንጨት ነው። ምሰሶው፣ ማገሩ፣ ወራጁ፤ ጭቃው ከዚያ በኋላ ተቦክቶ ይለጠፋል፤ ክዳኑም ሣር ወይም ቆርቆሮ ነው። ግብፅ ውስጥ ግን እንጨት የለም። ካለም ከውጭ የሚመጣ ውድ ነገር ነው። ግድግዳውን ገበሬው በነፃ ቢያቆመው ጣሪያው ላይ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ጭራሹን እንጨቱም ብረቱም ከገበያ ጠፋ። ፈትሒ ከካይሮ አጠገብ ባሕቲም በሚባል ቦታ የእርሻ ቤቶች እንዲሠራ ታዞ ነበር፤ ጣሪያውን በጡብ ብቻ አጠማዝዞ ለመሥራት ሞከረ፤ እየተናደ አስቸገረው። የጥንት ግብፃውያን ይህን ያውቁበት እንደነበር ያውቃል። እንዴት እንደሆነ ግን የተማረባቸው መጻሕፍት አልነገሩትም።

የነገረው ወንድሙ ነው። ወንድሙ አስዋን ግድብ ላይ ይሠራ ስለነበር፣ እዚያ ያሉ የኑቢያ ሰዎች ያለ አንዳች ድጋፍ እንጨት ጣሪያ እንደሚሠሩ አይቷል። ፈትሒ በ1941 መጀመሪያ ላይ ባቡር ተሳፍሮ ወደ አስዋን ወረደ። ከተማው ምንም አላሳየውም። ወንዙን ተሻግሮ ጋርብ አስዋን የምትባለዋ መንደር ሲደርስ ግን ቆሞ ቀረ። ንጹሕ፣ ሰፋ ያሉ፣ እንደ ዋሻ አፍ የተጠማዘዘ ጣሪያ ያላቸው የጭቃ ቤቶች በሰልፍ ቆመዋል። አንዲት እንጨት የላቸውም። ሉቅሶር ላይ ደግሞ በፈርዖኑ ራምሴስ ቤተ መቅደስ ግቢ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የተሠሩ ጎተራዎች በዚያው ዘዴ ጣሪያቸው አልፈረሰም ቆመው አየ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ የጽሑፉ ዋና ነገር እዚህ ስለሆነ። በዛሬ ግንባታ ጣሪያ ከመሞላቱ በፊት ሠራተኞች ካሳፎርማ የሚሉት የእንጨት ድጋፍ ሥሩ ይቆማል። ኑቢያዎቹ ይህን አያውቁትም። ሁለት የጎን ግድግዳ ያቆማሉ፣ ጫፉን በአንድ ከፍ ባለ የኋላ ግድግዳ ይዘጋሉ። ግንበኛው በኋላው ግድግዳ ላይ በእጁ ግምት ብቻ ቅስቱን በጭቃ ይሥላል፤ ገመድ የለ፣ መለኪያ የለ። ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር ጡብ ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አስደግፎ አጋድሞ ይለጥፋል። ሁለተኛው ዙር በመጀመሪያው ላይ ይደገፋል፣ ሦስተኛው በሁለተኛው፤ መሶብ ሲሰፋ ዙሩ በዙሩ ላይ እንደሚያዝ ማለት ነው። ጡቡ ቀጭንና ጭድ የበዛበት ስለሆነ ቀላል ነው። ሳይደርቅ በጣት የተጫረ መስመር ስላለበትም ጭቃው ይነክሰዋል፣ አይንሸራተትም። ሁለት ሰው አንድ ክፍል በአንድ ቀን ተኩል ይከድናል።

ይህን የሚሠሩት ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ሰዎች ነበሩ። ፈትሒ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ሳለ ከእነሱ ተማረ፣ ይህንንም ሳያፍር ጽፎታል። ቦግዳዲ አሕመድ አሊ የተባለውን አንጋፋ ግንበኛና ባልደረቦቹን ወደ ባሕቲም አመጣቸው። ጣሪያው ቆመ። ከዚያ ወዲያ የትም ሲሠራ የኑቢያ ግንበኞች አብረውት ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ ጭቃው ራሱ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። የግብፅ ጥቁር ጭቃ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አብዛኛው በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ ዓባይና ተከዜ ያወረዱት አፈር ነው። የፈርዖኖቹ ጎተራም የፈትሒ ጉልላትም የተሠራው የእኛ ተራራ ካፈሰሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጡብ የምንለው ቃልም ከአረብኛው «ጡብ» ጋር አንድ ነው፤ አረቦቹ ከግብፆች፣ ግብፆች ከፈርዖን ዘመን ቋንቋቸው ወረሱት። ስፔኖች ደግሞ ከአረቦች ወስደው አዶቤ አሉት፤ በዚህ መልክ አሜሪካ በረሃ ድረስ ተሻግሯል።

በ1945 ትልቁ ዕድል መጣ። ሉቅሶር ማዶ፣ ከዓባይ ምዕራብ፣ ጉርና የሚባል መንደር ነበር። ወደ 7,000 ሰው የሚኖረው በጥንት መኳንንት መቃብሮች ላይ ነው። መቃብር ቆፍሮ ቅርስ መሸጥ ለብዙዎቹ መተዳደሪያ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ከዓለት ላይ የተቀረጸ ትልቅ ቅርስ ተቆርጦ ሲጠፋ መንግሥት ነቃ፣ የቅርስ መሥሪያ ቤቱም መንደሩ በሙሉ ይነሣ አለ። አዲሱን መንደር እንዲሠራ የተጠራው ፈትሒ ነው። ከ20 ሄክታር በላይ መሬት ተሰጠው።

ፈትሒ እንደ ሌላው ጊዜ አንድ ቤት ሥሎ መቶ ጊዜ መድገም አልፈለገም። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ቤት ሊሥል ተነሣ። መስጊድ፣ ገበያ፣ ቲያትር፣ ትምህርት ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ አሰበ። ለልብስ ማጠቢያ ተቀምጠው የሚያጥቡበት ዝቅ ያለ ስፍራ አሰበ። ለምድጃው ደግሞ ከኦስትሪያ ተራሮች የሚያውቀውን ቤት የሚያሞቅ ምድጃ አስታወሰና አንዲት አሮጊት የገጠር ሴት በጭቃ እንዲሠሩት አደረገ። ወንድ መሐንዲስ ስለ ልብስ አጣቢዋ ጀርባ ሲያስብ በዚያ ዘመን ብዙ አልተለመደም።

የትምህርት ቤቱ ነገር ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት። ጣሪያው ላይ መልቀፍ የሚባል፣ ወደ ሰሜን ነፋስ አፉን የከፈተ ጭስ ማውጫ መሰል ነገር ሠራ። ነፋሱ በዚያ ሲገባ በውኃ በራሰ ከሰል መካከል ያልፋል፤ ወደ ክፍሉ ሲደርስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀንስ እንደነበር ጽፏል። ኤሌክትሪክ የለም። በእንስራ ያደረ ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ የምታውቅ ሴት ይህን ማስረዳት አያስፈልጋትም፤ እርጥበቱ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ዱባይ አል ፋሂዲ ሰፈር ወይም ባሕሬን ሙሐረቅ ያለውን የሼክ ኢሳ ቢን ዓሊ ቤት ያየች ደግሞ የመልቀፍን ዘመድ አይታለች። የባሕረ ሰላጤው ባርጂል በአራቱም በኩል አፍ አለው፤ ነፋስ ከየትም ቢመጣ ይይዘዋል። የግብፁ አንድ አፍ የበቃው እዚያ ነፋሱ ከሰሜን ስለማይቀር ነው። መስኮት ላይ የምናየው፣ አቧራው በብሩሽ ካልሆነ የማይለቀው የእንጨት መሽረቢያም ስሙ የመጣው መጠጣት ከሚለው ቃል ነው፤ ማዳም «ኢሽረቢ» ስትል የምንሰማው ያው ነው። የውኃ ገንቦ ነፋስ እንዲመታው የሚቀመጥበት ቦታ ነበር።

ይህ ሁሉ ታስቦ መንደሩ አልሞላም። ሦስት የሥራ ወቅት ቆይቶ በ1948 ግድም ሥራው ቆመ። ጭድ በወቅቱ ለመግዛት እንኳ የመሥሪያ ቤት ወረቀት መከራ ያሳየው ነበር። ዋናው ግን የጉርና ሰዎች አንፈልግም ማለታቸው ነው። አንድ ጊዜ አዲሱን መንደር ከጎርፍ የሚጠብቀውን ግድብ ሰብረው ውኃ እንደለቀቁበት ራሱ ተርኳል።

ለምን? ፈትሒ ከመቃብሩ የሚያገኙትን ገቢ ላለማጣት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ እውነትነት አለው። ሌሎች ደግሞ በላይኛው ግብፅ ጉልላት የሚሠራው ለመቃብር እንጂ ለሕያው ሰው አይደለምና ማን መቃብር ውስጥ ይተኛል ይላሉ። ይህም እውነትነት አለው። እኔ ግን መጽሐፉን ሳነብ የቆምኩት ሌላ ቦታ ነው።

ፈትሒ ቤተሰቦቹን ማማከር ፈልጎ ነበር። ሴቶቹንም ጭምር፤ ቤት ውስጥ የሚውሉት እነሱ እንደሆኑ ያውቃል። ባህሉ ግን አልፈቀደለትም፤ እንግዳ ወንድ ገብቶ ሴት አያናግርም። ስለዚህ መልስ የሰጡት ወንዶቹ ናቸው። የውኃው ጉዳይ ደግሞ አለ። ፈትሒ ውኃን በቧንቧ ወደየቤቱ ከማስገባት ይልቅ የጋራ የውኃ ቦታ ማድረግን መረጠ። ከቤት መውጣት የማይፈቀድላት ልጃገረድ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከጓደኞቿ ትገናኛለች፣ የሚያጫትም ያያታል፤ እንስራ ተሸክሞ መሄዱም ውበት አለው ብሎ ነው። አስተሳሰቡ ከክፋት የመጣ አይደለም። ልጅ ሆና እንስራ ያዘለች ሴት ግን ስለ ውበቱ ሌላ የምትለው ይኖራታል። ወገቧን ጠይቋት። ሰውየው ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጥላው፣ ስለ ምድጃው ያሰበውን ያህል አስቦ፣ የውኃው ነገር ላይ ግን ያየው ከሩቅ፣ እንደ ባቡር መስኮቱ ነው።

ከጉርና በኋላ ልቡ ተሰብሮ ነበር። ከ1957 ጀምሮ ጥቂት ዓመታት አቴንስ ሄዶ ሠራ። ሲመለስ በምዕራቡ በረሃ፣ ኻርጋ ውስጥ፣ አዲስ ባሪስ የምትባል መንደር ጀመረ። ገበያዋን እንዲህ ሠራት፤ የነፋስ መያዣ ማማዎቹ አየሩን ወደ ምድር ቤት ያወርዱታል፣ አትክልቱ በረሃ መሐል ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል። በ1967 ጦርነት ተነሣና ይኸውም በጅምር ቀረ። በዚያው ዘመን የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ ከግድቡ በላይ ያሉትን የኑቢያ መንደሮች በሙሉ ዋጣቸው። ጥበቡን ያስተማሩት ሰዎች ወገኖች ወደ ኮም ኦምቦ ተወስደው መንግሥት በሠራላቸው ተመሳሳይ ቤቶች ሰፈሩ። ግድቡ ደለሉንም አስቀረው። በ1980ዎቹ ደግሞ የእርሻ አፈር ለጡብ መቆፈር በሕግ ተከለከለ፤ የፈትሒ ነፃ ጭቃ ከዚያ ወዲያ ነፃ አልሆነም።

ዝናው የመጣው ከዚህ ሁሉ ውድቀት በኋላ ነው። የጉርናን ታሪክ በ1969 ካይሮ ውስጥ አሳተመው፤ በ1973 አሜሪካ ውስጥ ለድሆች የሚሆን ሥነ ሕንፃ በሚል አርእስት እንደገና ሲወጣ በየዩኒቨርሲቲው ተነበበ። በ1980 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት የሊቀመንበሩን ልዩ ሽልማት ሰጠው፤ በዚያው ዓመት አማራጭ ኖቤል የሚባለውንም አገኘ። ሰማንያ ዓመት ሞልቶት የኑቢያ ግንበኞችን ይዞ አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ሄደና አቢኪው በሚባል ቦታ መስጊድ ሠራ፤ የአካባቢው ሰው ቤቱን በአዶቤ የሚሠራበት አገር ነው። ተማሪው አብደል ዋሒድ አል ወኪል በኋላ ሳዑዲ ውስጥ ብዙ መስጊዶችን ሠርቷል።

የሚያስቀው ወይም የሚያሳዝነው፣ እንደምታዩት ነው፣ የፈትሒን ቤት የወደዱት ሀብታሞች መሆናቸው ነው። ሠዓሊያን፣ ባለ ርስቶች፣ ባሕር ዳር ቪላ የሚፈልጉ ሰዎች። ጉልላቱና ነጭ ግድግዳው በኋላ የቱሪስት ሆቴል መለያ ሆነ። ድሃው በበኩሉ ገንዘብ ሲያገኝ ኮንክሪት ነው የሚሠራው፤ ምክንያቱም ጭቃ የድህነት ምልክት ነው። ይህን ለመፍረድ የምንቸኩል አይመስለኝም። ከዚህ ልከን አገር ቤት የምናሠራው ቤትስ ብሎኬት አይደለምን? እናት የጭቃውን ቤት አፍርሺልኝ ስትል እምቢ ያለች ልጅ አላውቅም።

ለራሱ በ1971 ከእስክንድርያ በስተ ምዕራብ፣ በረሃው ከባሕር በሚገናኝበት ሲዲ ክረይር፣ ትንሽ ቤት ሠራ። እዚያ ጭቃ ስለሌለ በጭቃ አልሠራም፤ በአካባቢው በሚገኘው የኖራ ድንጋይ ገነባው። ሰው ሁሉ የጭቃው መሐንዲስ ቢለውም እሱ የያዘው ጭቃን ሳይሆን እግርህ ሥር ባለው ሥራ የሚለውን ነበር። ካይሮ ውስጥ ግን የኖረው ራሱ ባልሠራው ቤት ነው። ከሰላሐዲን ምሽግ ሥር፣ ደርብ አል ለባና በሚባል ጠባብ መንገድ፣ ከዘመናት በፊት በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ፣ ከድመቶቹ ጋር። ልጅ አልወለደም። ኖቬምበር 30 ቀን 1989 ካይሮ ውስጥ አረፈ።

በኮረብታው ላይ የነበረው አሮጌው ጉርና ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በቡልዶዘር ፈረሰ። ሜዳው ላይ ያለው የፈትሒ መንደር ሰው ይኖርበታል፤ ብዙዎቹ ቤቶች ፈርሰው ወይም ኮንክሪት ተጨምሮባቸው መልካቸው ተለውጧል። መስጊዱ ግን እንዳለ አለ። ወደ ሉቅሶር የሚሄዱ ቱሪስቶች ወደ መቃብሮቹ ሲያልፉ አጠገቡ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ አይቆሙም። ቀትር ላይ ግን ከሜዳው ሙቀት የመጡ ሰዎች ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው በወፍራሙ ግድግዳ ጥላ ውስጥ ይገባሉ።